ፀሐይዋ የት ታርፋለች? የከተማ ንድፍ ከደብረ ብርሃን ሲታይ

ኅዳር ላይ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ በደብረ ብርሃን ዋና መንገድ ዝም ብላችሁ ሂዱ። አንደኛው የመንገድ ዳር ጭር ብሏል። በማዶው ግን ገና ያልተከፈተ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰው ተደርድሯል። ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ፣ ደንበኛ የሚጠብቅ ሊስትሮ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ያደረገች ተማሪ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ የከተተ ባጃጅ ነጂ። ማንም ተሰብሰቡ አላላቸውም። ፀሐይ እየሞቁ ነው።

ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አግዳሚ ወንበር አለ። ባዶውን ነው። ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እዚያ ወንበሩ ላይ አይሻልዎትም?»

«እሱማ እስከ አራት ሰዓት ጥላ ነው ልጄ። ብረቱም ይበርዳል።»

አለቀ። የከተማ ንድፍ የሚባለው ሙያ ግማሹ እዚህ መልስ ውስጥ አለ። ሌላውን ግማሽ ለማብራራት ልሞክር።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ፤ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። የከተማ ፕላን መሬቱን ይደለድላል፤ እዚህ መኖሪያ፣ እዚያ ፋብሪካ፣ በዚህ በኩል መንገድ ይለፍ ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን እና የአካባቢ ልማት ፕላን የሚላቸው ሰነዶች ይህን የሚሠሩ ናቸው። አርክቴክት ደግሞ በተሰጠው ቦታ ላይ አንድ ሕንፃ ይነድፋል። የከተማ ንድፍ በሁለቱ መካከል የሚቀረውን ይይዛል፤ በሕንፃና በሕንፃ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ። የእግረኛው መንገድ ስንት ሜትር ይሁን? ሱቁ በሩን ወዴት ይክፈት? ዛፉ በየት በኩል ይተከል? ሰው የት ይቀመጥ? የከተማ ንድፍ ጥያቄዎች እንዲህ ያሉ ናቸው።

የሕዝብ ቦታ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የሚታየው ፓርክና ሐውልት ያለበት አደባባይ ነው። ሳትከፍልና ፈቃድ ሳትጠይቅ የምትገባበት ቦታ ሁሉ ግን የሕዝብ ቦታ ነው። የገበያው ሜዳ፣ የጥምቀተ ባሕሩ፣ የሰፈሩ ኳስ ሜዳ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ደጃፍ። ከሁሉም ሰፊው ደግሞ መንገዱ ራሱ ነው። ፓርክ በወር አንድ ቀን የማይረግጥ ሰው በመንገድ ዳር በየቀኑ ያልፋል። እንደ እኔ ከሆነ ገንዘብ ቢያጥርና አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን፣ ከአንድ ያማረ ፓርክ አሥር ኪሎ ሜትር ደህና የእግረኛ መንገድ ይሻላል።

ወደ ፀሐይዋ እንመለስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ቀን ሰማዩ ይጠራል፤ ፀሐይዋ ላይ ቆመህ ላብ ላብ ሲልህ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጥላ ስትገባ ትንቀጠቀጣለህ። በዚህ ወራት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አጋድላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በተዘረጋ መንገድ ላይ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። ትይዩው ያለው ደግሞ ከጥላ አይወጣም። መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነ ጠዋት አንደኛው ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ሌላኛው ዳር ተራ ይደርሰዋል።

አሁን 15 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ፣ ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ፎቅ በሉት፣ በአደባባዩ ደቡብ በኩል ይሠራ እንበል። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ጥላው 10 ሜትር ያህል ይዘረጋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግን ጥላ የሕንፃውን ከፍታ ሦስት እጥፍ ያህላል፤ 45 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሰው ፀሐይ በሚፈልግበት ሰዓት የአደባባዩን ደቡባዊ ክፍል ጥላ ዋጠው ማለት ነው። ያው ሕንፃ በሰሜን በኩል ቢሠራ ኖሮ ግን ግድግዳው ራሱ ምድጃ በሆነ ነበር። የሲሚንቶው፣ የብረቱ፣ የጉልበቱ ወጪ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ እያለ አንድ ሰው «ፀሐይዋ የት ታርፋለች?» ብሎ መጠየቁና አለመጠየቁ ነው።

ነፋሱም የራሱ አመል አለው። ድፍን ግንብ ነፋስን የሚያቆም ይመስላል። ነፋሱ ግን ከላይ ይዘልና ከጀርባው ይጠማዘዛል፤ አቧራና ፌስታል እየተሽከረከረ የሚከመርበትን ጥግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነፋስ በከፊል የሚያሳልፍ ነገር፣ ለምሳሌ የቁጥቋጦ አጥር ወይም በተርታ የተተከለ የጽድ ዛፍ፣ ጉልበቱን ያደክመዋል። እንዲህ ያለ መከለያ የቁመቱን አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ይከልላል ይባላል። ሁለት ሜትር ቁጥቋጦ ሃያ ሜትር አስጠለለ ማለት ነው። ረጅም ሕንፃ በበኩሉ ከላይ ያለውን ነፋስ ይዞ ወደ እግሩ ያወርደዋል፤ ስለዚህ መቀመጫ ከፎቅ ሥር ሲቀመጥ መጠንቀቅ ነው። ዛፉም ቢሆን በነፋሱ መምጫ በኩል ይተከል እንጂ በፀሐይዋ በኩል አይሁን። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ደጋውን ለምደውታል። ዘንባባ ከቆላ አምጥቶ ውርጭ ላይ ማቆም ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ለዘንባባውም ግፍ ነው።

ቀዝቃዛ አገር ስለሆነ ሰው ውጭ አይቀመጥም የሚል ክርክር ይነሳል። የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገንም ያንኑ ብላ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ዋና የንግድ ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲተው፣ «እኛ ጣሊያን አይደለንም፣ በዚህ ብርድ ማን መንገድ ላይ ይንሸራሸራል?» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ዛሬ ያ ጎዳና በእግረኛ ተጥለቅልቆ ነው የሚውለው። ያን ጌል የሚባል የዴንማርክ አርክቴክት ዕድሜውን በሙሉ ሰው የት ቆመ፣ የት ተቀመጠ እያለ ሲቆጥርና ሲመዘግብ ኖሯል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ ካፌዎች ውጭ ባሉት ወንበሮች ላይ ብርድ ልብስ አጥፈው ያስቀምጣሉ። ብርድ ልብስ! ደብረ ብርሃን እኮ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነው አገር የሚያውቃት። ከጎኗ ደግሞ የመንዝ ባና አለ። አንድ ካፌ እንኳ ወንበር ላይ ባና ጣል ቢያደርግ ምን ይለዋል?

ይህ ሁሉ ግን ለደጋው ነው። ደብረ ብርሃንን ለቃችሁ ወደ ደሴ ውረዱ። ጣርማ በርን በጣሊያን ጊዜ በተሠራው ዋሻ ታልፋላችሁ፤ ደብረ ሲና ትመጣለች፤ ከዚያ ቁልቁል ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል። ጋቢው ተጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ገብቷል። እዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰው የሚሻማው ጥላውን ነው። የተሳካለት የሕዝብ ቦታ ዋርካ ያለበት ነው፤ ሸንጎውም ቡናውም ከሥሩ። ከዋርካው ዙሪያ ያለውን አፈር በድንጋይ ክብ አጥሮ፣ ሥሩ እንዲተነፍስ ክፍት ትቶ፣ ዳሩን ለመቀመጫ ማስተካከል ብቻ አንድ አደባባይ ይወጣዋል።

እንግዲህ አንድ መንገድ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎት። በአንዱ ፀሐይ ጥራ፣ በሌላው ፀሐይ ከልክል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በየከተማው ያንኑ መልክ የመድገም ጉጉት ይታያል። ያው ንጣፍ፣ ያው መብራት፣ ያው ፏፏቴ። እግረኛው ሰፊ መንገድ ማግኘቱ ደግ ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ፏፏቴ ሸዋ ሮቢት ላይ እፎይታ ነው። በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ማን አጠገቡ ይቀመጣል?

ስለ መቀመጥ ካነሳን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዊልያም ኋይት የሚባል ሰው ካሜራ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ አደባባዮችን ቀረጸ። አንዳንዱ ቦታ ሰው ሞልቶ፣ አንዳንዱ ባዶውን የሚውለው ለምንድን ነው ብሎ ነው። ቅርጹን፣ ስፋቱን፣ ውበቱን አየ፤ አንዱም ሁነኛ መልስ አልሆነለትም። በመጨረሻ ያገኘው ነገር የሚያስቅ ነው፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ይህን ለማወቅ ካሜራ ያስፈልጋል ወይ ትሉ ይሆናል። ግን ስንት አደባባይ ነው መሐሉ በሰንሰለት ታጥሮ፣ ዳሩ የሾለ ብረት ተተክሎበት፣ ሰው እንዳያርፍበት ተብሎ የሚሠራው? መቀመጫ ደግሞ የግድ ወንበር መሆን የለበትም። 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ሰፋ ያለ የድንጋይ ጠርዝ፣ ደረጃ፣ የአበባ መትከያው ግንብ ራሱ ይሆናል። በደጋ አገር ላዩ እንጨት ቢሆን ይመረጣል፤ ብረትና እብነ በረድ ብርዱን ይዘው ይቆያሉ። ሽማግሌው የነገሩኝ ይኸንኑ ነው።

ስፋት ላይም እንሳሳታለን። አደባባይ በተለቀ ቁጥር የተከበረ ይመስለናል። ሰው ግን የሌላውን ሰው ፊት፣ ሳቁን ኩርፊያውን፣ ለይቶ የሚያየው እስከ 25 ሜትር ባለው ርቀት ነው። መቶ ሜትር ላይ ሰው መሆኑንና መንቀሳቀሱን ብቻ ነው የምታየው። ስለዚህ ሰፊ ሜዳ ላይ ሃምሳ ሰው ቢበተን ባዶ ይመስላል፤ ትንሽ ቦታ ላይ ሃያ ሰው ሲቀመጥ ግን ደርቷል። ሰፊ ሜዳ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ደመራ የሚለኮሰው፣ ታቦታት ለጥምቀት የሚያድሩት ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ በዓመት የተወሰኑ ቀናት ናቸው። ጎበዝ ነዳፊ መሐሉን ለበዓሉ ክፍት ይተውና ዳር ዳሩን ለዘወትሩ ቀን በትንንሽ ጥጋጥጎች ይከፋፍለዋል።

መንገዱ ጋ ስንመጣ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መጥቶ ወደ ደሴ የሚቀጥለው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ነው የሚያልፈው። ሲኖትራኩም፣ አይሱዙውም፣ የሀገር አቋራጭ አውቶቡሱም በዚያው። ተማሪውም፣ አህያውም፣ በግ ነጂውም በዚያው። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ የሾፌር ችሎታ ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ ነው። «ፍጥነትዎን ይቀንሱ» የሚል ሰሌዳ ብቻውን ደግሞ ሾፌርን አያዘገይም። የሚያዘገየው የመንገዱ ቅርጽ ነው።

ለምሳሌ የመንገድ ማጠፊያው ጠርዝ ሰፊ ቅስት ከሆነ መኪናው ሳይቀንስ ይጠመዘዛል። ቅስቱ ከጠበበ ግን ሳይወድ በግዱ ይቀንሳል፤ እግረኛውም የሚሻገረው ርቀት ያጥርለታል። ዜብራው ጋ ሲደርስ የእግረኛው መንገድ ወደ መሐል ወጣ ቢል፣ ሕፃን ልጅ ከቆመ መኪና ጀርባ ድንገት ብቅ አይልም። ዜብራው ራሱ ከአስፋልቱ ከፍ ቢል ደግሞ ሾፌሩ እንደ ጉብታ ያከብረዋል። አብዛኛው ሥራ ጥቂት ጠርዝ ድንጋይና ጥቂት ሲሚንቶ ነው።

የእግረኛው መንገድ ላይ ያለውን ችግር ለማየት የሕፃን ጋሪ እየገፋችሁ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሂዱ። የመብራት ፖል መሐል ላይ ቆሟል። የቱቦው ክዳን የለም። አንዱ ለመኪናው መግቢያ ብሎ ንጣፉን አዝምሞታል፤ ሌላው አሸዋ ደፍቶበታል። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች እንዲተላለፉ 1.8 ሜትር ነፃ ስፋት ይፈለጋል፤ ነፃ ማለት ፖሉም፣ ዛፉም፣ የሱቁ ዕቃም ያልገባበት። ንጣፉም ለውኃው በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዘንበል ይበል። የሚያብረቀርቅ ንጣፍማ ይቅር። አንድ ከተማ ውስጥ ሐምሌ ላይ እንዲህ ያለ አዲስ ንጣፍ ላይ ተንሸራትቼ በቂጤ ቁጭ ብያለሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ቆሎ ሻጭ «አንተ አራተኛው ነህ» አለችኝ። የኛ ኮብልስቶን ሸካራ ነው፤ ሂል ጫማ ላይ ይጨክናል። ግን አያንሸራትትም፣ ውኃም ያሳልፋል፣ ቱቦ ለመቅበር ሲነሳ በእጅ ተነቅሎ በእጅ ይመለሳል።

ደኅንነት ሲባል ደግሞ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጥበቃና ካሜራ ነው። ጄን ጄከብስ የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1961 እ.ኤ.አ. ያስተዋለችው፣ መንገድን የሚጠብቀው የነዋሪው ዓይን መሆኑን ነው። መስኮት፣ የሱቅ በር፣ በረንዳ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት። መቶ ሜትር የተዘረጋ ግንብ አጥር ዓይን የለውም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከሥራ የምትመለስ ሴት የትኛውን መንገድ እንደምትመርጥ ጠይቋት፤ አቋራጩን ትታ ሱቅ የተከፈተበትን ትዞራለች። ጉሊትን ሁሉ «የከተማ ገጽታ ያበላሻል» ብሎ ጠራርጎ ማንሳት ያን ዓይን መንቀል ነው። ለጉሊቷ መደብ፣ ቀላል ጣሪያና ውኃ አዘጋጅቶ ቦታዋን ማስያዝ ይሻላል።

የእኛ አገር ነዳፊ ሊረሳው የማይገባ ሌላ ነገር ድንኳን ነው። ለቅሶ ሲደርስ የዕድር ድንኳን የሚተከለው መንገድ ላይ ነው። ሰፈሩ ጠባብ ከሆነ መንገዱ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ አምቡላንስ እንኳ አያልፍም። በየሰፈሩ አንድ ድንኳን የሚይዝ፣ መብራትና ውኃ የቀረበለት ክፍት ቦታ ቢተው፣ በሌላው ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከውጭ የመጣ የንድፍ መመሪያ ላይ ይህን አታገኙትም።

ታዲያ ክፍት ቦታ ለምን ይጠፋል? መመሪያው እኮ አለ፤ በአገራችን የከተማ ፕላን ሲሠራ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይሁን ይባላል። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ይተላለፋል፤ ለከተማው ገንዘብ ያመጣል። ክፍት ሜዳ ግን ሊዝ አይከፍልም። እንደውም ጥበቃና ጽዳት ይጠይቃል። በጀት የቸገረው ከተማ ያን ሜዳ ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም። በካርታ ላይ አረንጓዴ የነበረችው ቦታ ቀስ በቀስ ቆርቆሮ ታጥራ ትገኛለች። ስለዚህ ሰፈርተኛው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ የሰፈሩ ክፍት ቦታ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ቢያውቅ መልካም ነው። ያው አዋጅ 574/2000 ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብም ያዛል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ውይይት ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የት ከተማ እንደሆነ ይቆየን። በስክሪን ላይ ያማረ ሥዕል ታየ። ፈረንጅ የሚመስሉ ሰዎች ብስክሌት ይነዳሉ፤ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ሣሩ በበጋም አረንጓዴ ነው። ታዳሚው አጨበጨበ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት እጃቸውን አወጡ። «ይኸ መጸዳጃ ቤት ያላችሁት፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚሆነው?» አሉ። አቅራቢው ወደ ስክሪኑ ዞረ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሰ፤ ደግሞ ወደ ፊት አሳለፈ። «እሱን በሁለተኛው ምዕራፍ እናየዋለን» አለ። እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «እንግዲያው እኛም በሁለተኛው ምዕራፍ እንመጣለን» አሉ ለጎረቤታቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ።